ከአስጎብኚ ጋር አንድ ሳምንት በስኮትላንድ ሃይላንድስ፦ ለተራራውና ለባሕር ዳሩ የእግር ጉዞ እንዴት እንደምትዘጋጁ

«አስጎብኚ ከያዝኩ እኔ ምን አዘጋጃለሁ?» የሚለው ጥያቄ በተደጋጋሚ ይመጣልኛል። ስለዚህ መልሱን አንድ ላይ ላስቀምጠው።

አስጎብኚው መንገዱን ያውቃል፣ አየሩን ያያል፣ መቼ መመለስ እንዳለባችሁ ይወስናል። እግራችሁን፣ ልብሳችሁንና ጉልበታችሁን ግን ሊያዘጋጅላችሁ አይችልም። ሰው ጉዞውን በሳምንቱ መሃል የሚያቋርጠው ባብዛኛው መንገድ ጠፍቶበት አይደለም። እግሩ ውሃ ቋጥሮ፣ ልብሱ በስብሶ ወይም ጉልበቱ ከድቶት ነው። እነዚህን ደግሞ ከቤት ሳትወጡ መከላከል ትችላላችሁ።

መመሪያው የሚያወራው በስኮትላንድ ሰሜን ምዕራብ፣ ከአላፑል ከተማ በስተሰሜን ስላለው የአሲንትና የሳዘርላንድ አካባቢ ነው። የሚሠራውም ከሜይ እስከ ሴፕቴምበር ላለው ጊዜ ብቻ ነው። በረዶ ባለበት ወቅት ሌላ ዕቃና ሌላ ሥልጠና ያስፈልጋል። እዚህ የምጽፈው ሰዓትና ዓመት በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። ከአካባቢው ተራሮች ሱልቨን 731 ሜትር፣ ኩኒያግ 808 ሜትር፣ ስታክ ፖሊ 612 ሜትር ናቸው። ቁጥሩን አይታችሁ እንዳትንቋቸው። ጉዞው የሚጀምረው ከባሕር ወለል ብዙም ከፍ ሳይል ስለሆነ አብዛኛውን ከፍታ በእግራችሁ ነው የምትወጡት። ዛፍ የለም፣ ከዝናብ የሚያስጠልል ነገርም አይገኝም። ከአትላንቲክ የሚነሳው ነፋስ ፊት ለፊት ይመታችኋል። እዚያ የሚፈትናችሁ ከፍታው አይደለም፤ እርጥበቱ፣ ነፋሱና ማጡ ነው።

1. ወሩን ምረጡ

ምርጫ ካላችሁ ሜይን ወይም ሴፕቴምበርን ያዙ። ምክንያቱ ሚጅ ናት። ሚጅ ከትንኝ በጣም የምታንስ ተናካሽ ነፍሳት ስትሆን በመንጋ ነው የምትመጣው። ከጁን እስከ ኦገስት ትበረታለች፤ በተለይ ደመና በሆነና ነፋስ በሌለበት ጠዋትና ምሽት። ነፋሱ በሰዓት 11 ኪሎ ሜትር ገደማ ከደረሰ ግን መብረር አትችልም። አስጎብኚው ምሳ የሚያበላችሁ ምቹ በሚመስለው ጎድጓዳ ቦታ ሳይሆን ነፋስ በሚነካው ጉብታ ላይ ከሆነ ለዚህ ነው።

ብርሃኑንም አስቡበት። በጁን መጨረሻ ፀሐይ የምትጠልቀው ከ22፡00 በኋላ ነው። በሴፕቴምበር መጨረሻ ግን 19፡00 ገደማ ትጠልቃለች። ረጅም ቀን የሚወስድ ተራራ ካሰባችሁ ልዩነቱ ትልቅ ነው።

ከኦገስት እስከ ኦክቶበር 20 ባለው ጊዜ በብዙ የተራራ ይዞታዎች ላይ አጋዘን ይታደናል። በ2003 የወጣው የስኮትላንድ የመሬት ሕግ ማንም ሰው በኃላፊነት እስከተራመደ ድረስ በአብዛኛው መሬት ላይ እንዲሄድ ይፈቅዳል። ሆኖም አደን ባለበት ቀን መንገድ እንድትቀይሩ ልትጠየቁ ትችላላችሁ። አስጎብኚው አቅጣጫ ቢቀይር አትከፉ።

2. ከመክፈላችሁ በፊት አስጎብኚውን ጠይቁ

- የማውንቴን ሊደር ብቃት አለው ወይ? በብሪታኒያ በተራራ ላይ ሰው ለመምራት የታወቀው የብቃት ማረጋገጫ ይህ ነው። በገመድ የሚወጣ ገደል በፕሮግራሙ ካለ ግን ማውንቴን ሊደር ብቻውን አይበቃም፤ ከዚያ ከፍ ያለ ብቃት ያስፈልጋል።
- የመጀመሪያ ዕርዳታ ሥልጠናው አልታደሰም ወይስ ታድሷል? የኃላፊነት ኢንሹራንስስ አለው?
- አንድ አስጎብኚ ስንት ሰው ይመራል?
- ከሳምንቱ ረጅሙ ቀን የቱ ነው? ርቀቱን፣ ሽቅቡንና ሰዓቱን፣ ሦስቱንም ጠይቁ።
- አየሩ ቢበላሽ ምትኩ ምንድን ነው?
- ማደሪያ፣ መኪናና ምሳ ዋጋው ውስጥ አሉ?

ሦስቱን ቁጥሮች ለምን ትጠይቃላችሁ? «12 ኪሎ ሜትር» ብቻ ከተባላችሁ ምንም አላወቃችሁም። ከ1892 ጀምሮ የሚሠራበት የኔይስሚዝ ስሌት አለ፤ ሜዳውን በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር፣ ለእያንዳንዱ 600 ሜትር ሽቅብ ደግሞ አንድ ሰዓት ተጨማሪ። ቡድን ግን ከዚህ ይዘገያል። ስለዚህ በሰዓት 4 ኪሎ ሜትር፣ ለየ100 ሜትሩ ሽቅብ 10 ደቂቃ አድርጋችሁ አስሉት። ሱልቨንን ከሎኪንቨር መንደር በኩል ደርሶ መልስ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ሽቅቡን ወደ 800 ሜትር ብትሉት፣ መራመዱ ብቻ ከ6 ሰዓት በላይ ይፈጃል። ምሳና ዕረፍት ሲጨመር 8 ሰዓት ይሞላል። ቁጥሩ ለእናንተ ይሆናል ወይ የሚለውን ቤት ቁጭ ብላችሁ ወስኑ።

ስለራሳችሁም ሳትደብቁ ንገሩት። አስም፣ ስኳር፣ የጉልበት ሕመም፣ አለርጂ፣ የምትወስዱት መድኃኒት፣ ዋና አለመቻል፣ ገደል መፍራት፣ ሁሉንም። ገደል እፈራለሁ ማለት ነውር የለውም። ተራራው ላይ ከደረሳችሁ በኋላ ከሚያውቅ ይልቅ ሳምንቱን ሲያቅድ ቢያውቀው ይሻላል። የጾም ጊዜ ከሆነም አስቀድማችሁ ተናገሩ። «ቪጋን» ካላችሁ የማደሪያው ወጥ ቤት ይገባዋል። እስከ ከሰዓት ምግብ ሳይቀምሱ ተራራ መውጣት ግን ብርዱ ቶሎ እንዲጥላችሁ ያደርጋል። በዚያ ቀን እንዴት እንደምታደርጉ አስቀድማችሁ ወስኑ፣ ለአስጎብኚውም አሳውቁት።

የጉዞ ኢንሹራንሳችሁ የተራራ እግር ጉዞን በስም መሸፈኑን አረጋግጡ። አንዳንዱ ውል የተራራ እግር ጉዞን አይሸፍንም።

3. የሳምንቱን ቅደም ተከተል ተረዱ

ጥሩ ሳምንት ከቀላል ይጀምራል፣ መሃል ላይ ያሳርፋል፣ ከባዱን ቀን ለጥሩ አየር ያስቀምጣል። ለምሳሌ እንዲህ፦

- ቀን 1፦ መድረስ። ማታ የዕቃ ፍተሻ።
- ቀን 2፦ የስቶር ጫፍ። ከመብራት ቤቱ ተነስቶ ባሕር ውስጥ ለብቻው እስከቆመው 60 ሜትር ገደማ የድንጋይ ምሰሶ ድረስ። ግማሽ ቀን ይበቃዋል።
- ቀን 3፦ ስታክ ፖሊ። ተራራውን የሚዞር የተሠራ መንገድ አለው። ትክክለኛው ጫፍ ላይ ለመድረስ ግን በእጅ መያዝ ይጠይቃል። ጫፉን መተው ምንም አይደለም።
- ቀን 4፦ ሳንድዉድ ቤይ። ከብሌርሞር ተነስቶ ደርሶ መልስ 13 ኪሎ ሜትር ያህል። ሽቅቡ ቀላል ነው።
- ቀን 5፦ ዕረፍት።
- ቀን 6፦ ሱልቨን።
- ቀን 7፦ የሃንዳ ደሴት ወፎች፣ ጀልባዋ ከሠራች። ካልሆነ የአክሜልቪክ አሸዋ።

ይህን ዝርዝር እንደ ውል አትያዙት። ጥሩው አየር ቀን 3 ላይ ከመጣ ሱልቨን ቀን 3 ይሆናል። «ፕሮግራሙ ላይ እንዲህ ነው የሚለው» ብሎ አስጎብኚን መጨቅጨቅ ቡድኑን ነፋስ ውስጥ ይከታል።

የዕረፍት ቀኑን አትሰርዙት። ጡንቻ ከመጀመሪያው ከባድ ቀን በኋላ በጣም የሚያመው በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ነው። እግር የሚስተውና የሚታጠፈውም ያኔ ነው።

4. ከ8 ሳምንት በፊት ሰውነታችሁን ጀምሩ

በሳምንት ሦስት ቀን ፈጠን ብላችሁ ተራመዱ፤ አንዱ ቀን ረጅም ይሁን። ከ4ኛው ሳምንት ጀምሮ ከ6 እስከ 8 ኪሎ የሚሆን ቦርሳ ያዙ። ደረጃ ካገኛችሁ ውጡ፣ በተለይ ደግሞ ውረዱ። ሰው ሽቅቡን ይለማመድና ቁልቁለቱን ይረሳዋል። ጭንን የሚያደቀው ግን ቁልቁለት ነው፤ ጡንቻው እየተለጠጠ ክብደታችሁን ስለሚይዝ። ለቁልቁለት ያልተለማመደ ጉልበት በሁለተኛው ቀን ይንቀጠቀጣል።

በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ሁለት ረጃጅም ቀኖችን አከታትላችሁ ሞክሩ። አንድ ቀን መሄድና በማግስቱ ደክሞ መሄድ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሳምንቱን የሚያስጨርሳችሁ ሁለተኛው ነው።

ልምምዱን ሁሉ ይዛችሁ በምትሄዱት ጫማ አድርጉት። ጫማ ስትገዙ ከሰዓት በኋላ፣ በወፍራም ካልሲ ለኩ። እግር ቀን ሲውል ያብጣል። ቁልቁል ስትቆሙ ጣታችሁ የጫማውን ጫፍ ከነካ ትንሽ ከፍ ያለ ቁጥር ውሰዱ። የእግር ጥፍራችሁን ከጉዞው ጥቂት ቀን በፊት ቁረጡ፤ ረጅም ጥፍር በቁልቁለት ይጠቁራል።

5. ዕቃ አሰናዱ

የሚለበስ፦

- ቁርጭምጭሚት የሚይዝ፣ ሶሉ ጥርስ ያለው የተራራ ጫማ
- የሱፍ ካልሲ፣ ቢያንስ 4 ጥንድ
- ሱፍ ወይም ቶሎ የሚደርቅ ሰው ሠራሽ ከነቴራ፣ 2 ወይም 3
- ፍሊስ ሹራብ፣ ሌላ ደረቅ ሹራብ ለመጠባበቂያ
- ቆብ ያለው ውሃ የማያስገባ ጃኬት
- ውሃ የማያስገባ ሱሪ፣ ጫማ ሳይወልቅ እንዲገባ ጎኑ ዚፕ ያለው
- ቀላል ሱሪ (ጂንስ አይሆንም)
- ሞቃት ኮፍያና 2 ጥንድ ጓንት
- ከጫማ እስከ ጉልበት የሚታሰር የማጥ መከላከያ

በቦርሳ የሚያዝ፦

- ከ25 እስከ 35 ሊትር የሚይዝ የጀርባ ቦርሳ
- ቦርሳው ውስጥ የሚገባ ወፍራም ፕላስቲክ ከረጢት
- ከ1.5 እስከ 2 ሊትር ውሃ፣ ቴርሞስ
- ምሳና በመንገድ የሚቀማመስ
- የግንባር ባትሪ፣ መለዋወጫ ባትሪ ድንጋይ
- ፊሽካ
- የአደጋ ጊዜ የፕላስቲክ ከረጢት (ሰው ሙሉ በሙሉ የሚገባበት)
- ካርታና ኮምፓስ
- ፓወር ባንክ
- የእግር ፕላስተር፣ የራሳችሁ መድኃኒት
- ሹል ወረንጦ ለመዥገር
- የሚጅ መረብና መከላከያ ቅባት
- ሁለት የመራመጃ ምርኩዝ

በዝርዝሩ ውስጥ ብዙ ክርክር የሚያስነሳው ጥጥ ነው። የጥጥ ቲሸርት፣ ጂንስና የጥጥ ካልሲ ቤት ይቅሩ። ጥጥ ውሃ ይይዛል፣ ቶሎ አይደርቅም፣ ሰውነታችሁ ላይ ተጣብቆ ሙቀታችሁን ይመጥጣል። ሱፍ ግን ረጥቦም ትንሽ ያሞቃል። በዚህ አካባቢ በጁላይም ቢሆን ለውጡ ይሰማችኋል።

የቦርሳ የዝናብ ሽፋን ብቻ ይዛችሁ አትመኑ። ነፋሱ ይነጥቀዋል። ውሃም በጀርባ በኩል ይገባል። ዕቃው ደረቅ የሚሆነው ውስጥ ባለው ከረጢት ነው።

ካርታውና ኮምፓሱ አስጎብኚ ላለው ሰው ትርፍ ይመስላሉ። አይደሉም። አስጎብኚው ራሱ ሊጎዳ ይችላል። ቢያንስ የት እንዳላችሁ በየዕረፍቱ ካርታው ላይ እንዲያሳያችሁ ጠይቁት። በመጨረሻው ቀን እናንተ ታሳዩታላችሁ።

6. ጠዋት ጠዋት ትንበያውን እዩ

የከተማ ትንበያ አይጠቅምም። የተራራውን እዩ። የብሪታኒያ ሜት ኦፊስ ለተራሮች የተለየ ትንበያ ያወጣል። የተራራ የአየር መረጃ አገልግሎቱም፣ በአጭሩ ኤምዊስ የሚሉት፣ ነፋሱ በሚራመድ ሰው ላይ ምን እንደሚያደርግ ጭምር ይጽፋል።

ከዝናቡ ይልቅ ነፋሱን አስቀድሙ። ዝናብ ያርሳል፤ ነፋስ ግን ይጥላል። በሰዓት 65 ኪሎ ሜትር የሚደርስ ነፋስ ጠርዝ ላይ መራመድን አደገኛ ያደርገዋል። ሙቀቱ ደግሞ በየ100 ሜትሩ ከግማሽ እስከ አንድ ዲግሪ ድረስ ይቀንሳል። ታች 12 ዲግሪ ከሆነ ጫፉ ላይ 6 ወይም 7 ዲግሪ ጠብቁ። ከነፋሱ ጋር ሰውነታችሁ የሚሰማው ዜሮ አካባቢ ሊሆን ይችላል።

ስትነሱ ትንሽ ብርድ ብርድ ይበላችሁ። ተጀቡናችሁ ከተነሳችሁ በ15 ደቂቃ ውስጥ ያልባችኋል። ላቡ ውስጥ ይቀራል፣ ቆም ስትሉ ይቀዘቅዛል። ከውጭ ደረቅ ሆናችሁ ከውስጥ ትበሰብሳላችሁ።

7. ተራራው ላይ እንዲህ ተራመዱ

እያወራችሁ መሄድ በምትችሉበት ፍጥነት ሂዱ። ትንፋሽ ካጠራችሁ ፈጥናችኋል። ዘገምተኛው ሰው ከኋላ ሳይሆን ከአስጎብኚው ቀጥሎ ይሁን። ከኋላ የቀረ ሰው ሌሎቹ ካረፉ በኋላ ይደርስና እሱ ሳያርፍ ጉዞው ይቀጥላል።

ጫማ ውስጥ ሙቀት ወይም መፋቅ ሲሰማችሁ በዚያው ቅጽበት «ቁሙልኝ» በሉ። ይሉኝታ ይዟችሁ አንድ ሰዓት ከቆያችሁ ውሃ ቋጥሮ ታገኙታላችሁ። ሳይቋጥር የተለጠፈ ፕላስተር ሳምንቱን ያተርፋል። የቋጠረ እግር ግን ሁለት ቀን ያስቀምጣል። እዚህ ላይ ቡድኑን ማስቆም መልካም ጠባይ ነው።

ለመጸዳዳት ስትለዩ ለአስጎብኚው ንገሩ፣ ቦርሳችሁን መንገዱ ላይ ተዉ። ጭጋግ ከገባ ቦርሳው ምልክት ይሆናችኋል። ከውሃ ቢያንስ 30 ሜትር ራቁ፣ ቆፍራችሁ ቅበሩ፣ ወረቀቱን ይዛችሁ ተመለሱ።

አረንጓዴ ብሩህ ሣር ስታዩ ተጠንቀቁ። ብዙ ጊዜ ሥሩ ማጥ ነው። ምርኩዙን አስቀድማችሁ ውጉት።

ማስጠንቀቂያ፦ ወንዝ። ጠዋት በድንጋይ ላይ ዘላችሁ ያለፋችሁት ጅረት ከዝናብ በኋላ ወገብ ሊደርስ ይችላል። አስጎብኚው «አንሻገርም» ካለ ነገሩ አለቀ። መሻገር ካለ የቦርሳችሁን የወገብና የደረት ማሰሪያ ፍቱ። ብትወድቁ ቦርሳው ውሃ ውስጥ እንዳይዛችሁ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ብርድ የመታው ሰው። መነጫነጭ ይጀምራል፣ ይደናቀፋል፣ ንግግሩ ይኮላተፋል፣ ዚፑን መዝጋት ያቅተዋል። «ደህና ነኝ» ይላል፤ አትመኑት። ከነፋስ አስጠልሉት፣ ከመሬት በቦርሳ ለዩት፣ እርጥቡን ልብስ በደረቅ ቀይሩ፣ ከረጢቱ ውስጥ አስገቡት። ነቅቶ በደንብ መዋጥ ከቻለ ትኩስ ጣፋጭ ነገር ስጡት። አልኮል አትስጡ፣ እጅና እግሩን አትሹ። እየተንቀጠቀጠ የነበረ ሰው ሳይሞቅ መንቀጥቀጡን ካቆመ ነገሩ በጣም ከፍቷል፤ ወዲያው ዕርዳታ ጥሩ።

8. ባሕር ዳር የውሃውን ሰዓት ዕወቁ

ከተራራ ይልቅ ባሕር ዳር ሰው ይዘናጋል። ሜዳ ነው፣ አሸዋ ነው፣ ያምራል። እኔ ደግሞ በሳምንቱ ውስጥ በጣም እንድትጠነቀቁ የምፈልገው እዚህ ነው።

የባሕሩ ውሃ በቀን ሁለት ጊዜ ያህል ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። ከሙላት እስከ ጉድለት 6 ሰዓት ከሩብ ገደማ ነው። ሰዓቱ በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል ወደፊት ይገፋል። ስለዚህ ትናንት በ14፡00 ያለፋችሁበት አሸዋ ከጥቂት ቀናት በኋላ በዚያው ሰዓት ውሃ ሊሆን ይችላል።

ውሃው እኩል በእኩል አይመጣም። በመጀመሪያው ሰዓት ቀስ ይላል። በሦስተኛውና በአራተኛው ሰዓት ከጠቅላላው ግማሽ ያህሉ ይመጣል። «እስካሁን ብዙም አልጨመረም» ብሎ የተዘናጋ ሰው የሚያዘው እዚያ ላይ ነው። ጨረቃ ስትወለድና ሙሉ ስትሆን ደግሞ ሙላቱም ጉድለቱም ይበረታል።

የሰዓት ሠንጠረዡን ስታነቡ ሁለት ነገር አረጋግጡ። አንደኛ፣ ሠንጠረዡ በግሪንዊች ሰዓት ከሆነ በእነዚህ ወራት አንድ ሰዓት መጨመር አለባችሁ። ሁለተኛ፣ በእኛ ሰዓት አትመንዝሩት። «9 ሰዓት ላይ ይሞላል» ብላችሁ ለጓደኛችሁ ስትነግሩ አንዱ 09፡00 ሌላው 15፡00 ሊረዳው ይችላል። 15፡00 ብላችሁ ጻፉት፣ እንደዚያው ተናገሩት።

ከዚያ በኋላ፦

1. በአሸዋ ወይም በድንጋይ የሚታለፍ ጠባብ ቦታ ካለ ውሃው እየሸሸ ሳለ ግቡ። እየሞላ ሳለ አትጀምሩ።
2. ከመግባታችሁ በፊት ወደ ላይ መውጫ የት እንዳለ ጠይቁ።
3. ጥቁር ወይም አረንጓዴ የለበሰ ድንጋይ አትርገጡ። ያንሸራትታል።
4. ጀርባችሁን ለባሕሩ ሰጥታችሁ ፎቶ አትነሱ። ከሌሎቹ የበለጠ ማዕበል ድንገት ይመጣል።
5. የገደል ጠርዝ ላይ ያለው ሣር ሥሩ ባዶ ሊሆን ይችላል። ወፍ ለማየት ከፈለጋችሁ ራቅ ብላችሁ ተኙና እዩ።

ሳንድዉድ ቤይ ላይ አሸዋው ቢያምርም ውሃ ውስጥ አትግቡ። ኃይለኛ የውሃ ግፊት አለ፣ ጠባቂም የለም። ከዚያ ወደ ሰሜን ኬፕ ራዝ ድረስ መቀጠል የሚያምራችሁ ካላችሁ አካባቢው የጦር ልምምድ የሚደረግበት ስለሆነ ያለ አስጎብኚው ፈቃድ አታስቡት።

9. ማታ ሦስት ነገር ሥሩ

መጀመሪያ መዥገር ፈልጉ። ከጉልበት ጀርባ፣ ብሽሽት፣ ብብት፣ ወገብ፣ የፀጉር ዳር። ካገኛችሁ በወረንጦ ከቆዳው ጋር አስጠግታችሁ ያዙና ቀጥ አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ ሳቡ። አታቃጥሉት፣ ቅቤ ወይም ቫዝሊን አትቀቡት። መዥገሩ ሲጨነቅ ሆዱ ውስጥ ያለውን ሊያስገባባችሁ ይችላል። የላይም በሽታ የሚባለው የባክቴሪያ በሽታ የሚተላለፈው በመዥገር ንክሻ ነው።

ሁለተኛ ጫማችሁን አድርቁ። ውስጡን ጋዜጣ ሙሉበት፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ቀይሩት። ምድጃ ወይም ማሞቂያ ላይ አታስጠጉ፤ ቆዳው ይሰነጠቃል፣ የሶሉ ማጣበቂያ ይላቀቃል።

ሦስተኛ ስልካችሁን ቻርጅ አድርጉ፣ ውሃ ሙሉ፣ የነገውን ልብስ ከረጢት ውስጥ አስገቡ። ጠዋት የሚሯሯጥ ሰው ጓንቱን ይረሳል።

10. ለአደጋ ተዘጋጁ

በብሪታኒያ የአደጋ ቁጥር 999 ነው፤ 112ም ይሠራል። ተራራ ላይ ከሆናችሁ «ፖሊስ» በሉና የተራራ አደጋ ቡድን ጠይቁ። ባሕር ዳር ከሆናችሁ «ኮስትጋርድ» በሉ። ልዩነቱን ማወቅ ደቂቃ ያተርፋል። የተራራ አደጋ ሠራተኞቹ በጎ ፈቃደኞች ናቸው፣ ገንዘብም አይጠይቁም፤ ስለዚህ ከባድ ጉዳት ሲደርስ ወጪ ፈርታችሁ አትዘግዩ።

በብዙ ቦታ ስልክ አይይዝም። የሚይዘው ደካማ ከሆነም ጥሪ ሳይወጣ መልእክት ሊወጣ ይችላል። የብሪታኒያ ሲም ካላችሁ ከጉዞው በፊት «ሬጅስተር» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ወደ 999 ላኩና መልሱን ተከትላችሁ ተመዝገቡ። ሳትመዘገቡ ለ999 የምትጽፉት መልእክት አይሠራም።

ስልክ ከሌለ ፊሽካ። በደቂቃ ውስጥ ስድስት ጊዜ ንፉ፣ አንድ ደቂቃ ዝም በሉ፣ ድገሙ። ጨለማ ከሆነ በባትሪ እንዲሁ። የሚመለስላችሁ ምልክት ሦስት ጊዜ ነው። ተሰማልን ብላችሁ አታቁሙ፤ እስኪደርሱ ቀጥሉ። ድምፁን ተከትለው ነው የሚመጡት።

ብዙ ሰው የሚሳሳታቸው

- አዲስ ጫማ በመጀመሪያው ቀን ማድረግ። ይህን ያህል የሚያስለቅስ የለም።
- ዝናብ ሲጀምር «ይቆማል» ብሎ የዝናብ ሱሪውን አለመልበስ። ከበሰበሰ በኋላ ቢለበስ የሚይዘው እርጥቡን ነው።
- እስኪርብ ድረስ አለመብላት። በየሰዓቱ ትንሽ ቅመሱ። ሆድ ባዶ ሲሆን ብርድም ድካምም አብረው ይመጣሉ።
- «ብዙ ከፍለን መጥተን ጫፉ ሳንደርስ እንዴት እንመለሳለን» ብሎ አስጎብኚውን መጫን። መመለሻ ሰዓቱን ጠዋት አብራችሁ ወስኑ፤ ሲደርስ አትከራከሩ።
- ቡድኑን ጥሎ ቀድሞ መሄድ። ጭጋግ በደቂቃዎች ውስጥ ይገባል።
- ሚጅን ለመሸሽ ቁምጣና እጅ አልባ ልብስ ለብሶ ቅባት ብቻ ማመን። ረጅም እጅጌና ካልሲ ውስጥ የገባ ሱሪ ሚጅንም መዥገርንም ይከላከላል።
- የስልክ ካርታን ብቻ መያዝ። ብርድ ባትሪ ይጨርሳል፣ እርጥብ ጣትም ስክሪኑን አያዘውም።

11. ከተመለሳችሁ በኋላ

ጃኬቱንና ጫማውን በውሃ አጥባችሁ ጥላ ውስጥ አድርቁ፤ የባሕር ጨው ዚፕ ይበላል።

ለአንድ ወር ያህል ቆዳችሁን ተከታተሉ። መዥገር በነከሳችሁ ቦታ ቀስ እያለ የሚሰፋ ክብ ካያችሁ፣ ወይም እንደ ጉንፋን ያለ ትኩሳት፣ ራስ ምታትና ድካም ከተሰማችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ ምልክቱ ቀይ ሆኖ ጎልቶ ላይታይ ይችላል። ስለዚህ ፎቶው ላይ እንደሚታየው ቀይ ክብ እስኪመጣ አትጠብቁ። ለሐኪሙ መዥገር ካለበት አካባቢ እንደመጣችሁና ቀኑን ጭምር ንገሩት፤ ቶሎ ከተያዘ በአንቲባዮቲክ ይታከማል።